እስከ «ደህና ነኝ» ድረስ

የዛን ሰኞ ጠዋት ጁፒተር እንደ ልማዱ ያንኮራፋል።

ሶልያና የመልእክት ቤቱን በር ገና ስትከፍት ከድምጽ ማጉያው ውስጥ ኽርርር... እያለ ተቀበላት። «ኧረ ነግቷል፣ ተነስ አንተ!» አለችውና ድምጹን ቀነሰችው። መልእክት ቤት የሚሠራ ሰው በሙሉ እንዲህ ነው። ከዛ ግዙፍ ፕላኔት የሚመጣውን የሬዲዮ ጫጫታ እንደ አንድ የቤት ሰው ነው የሚያዩት፤ ይሰድቡታል፣ ይቆጡታል፣ ዝም ካለ ደግሞ «ምን ሆኖ ነው?» ብለው ይጨነቃሉ።

ሰፈራቸው ካሊስቶ ላይ ነው። ካሊስቶ ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዷ ናት፤ በረዶና ድንጋይ፣ ድንጋይና በረዶ፣ በቃ። ከበረዶው ስር ተቆፍሮ የተሠራውን ከተማ ሰዉ «ታች ሰፈር» ይለዋል። ላይ ሰፈር የቱ ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ግን የሚመልስላችሁ የለም።

ሶልያና አስራ ሁለተኛን የጨረሰችው ዘንድሮ ነው። የአብራሪነት ፈተና ወደቀች፣ አለቀሰች፣ ምግብ አልበላም አለች፣ ከዛ ራባትና በላች። እናቷ እቴነሽም «ቤት ተጎልተሽ ግድግዳ ከምታዪ» ብላ ጋሽ አሥራደን ለመነችላትና መልእክት ቤት አስገባቻት። ጋሽ አሥራደ የመልእክት ቤቱ አለቃ ናቸው፤ ታች ሰፈር ሲቆፈር ጀምሮ ያሉ፣ ጸጉራቸው አልቆ ቅንድባቸው ብቻ የቀረ ሽማግሌ።

ሥራው ቀላል ነው። ከሩቆቹ ትናንሽ ጨረቃዎች ብረት የሚያመጡ ጀልባዎች አሉ። ውሃ በሌለበት ምን ጀልባ አለ አትበሉኝ፣ ተብለዋል በቃ። አንድ ጀልባ ላይ አንድ ሰው ነው የሚሄደው፣ ለወራት። የጀልባ ሬዲዮ ደግሞ አቅመ ቢስ ስለሆነ የጁፒተር ማንኮራፋት ይውጠዋል። ስለዚህ «ሣጥን» አለ። ሣጥኑ በጀልባዎቹ መንገድ እየተመላለሰ መልእክት የሚለቅምና መልስ የሚያድል ትንሽ ሳተላይት ነው፤ ሰኞ ሰኞ ጠዋት በታች ሰፈር አናት ላይ ያልፋል። ያን ጊዜ ሶልያና ሼሉ ላይ «አምጣ» ብላ ትጽፋለች። ሼል ማለት ጥቁር ስክሪን ነው፤ አንድ ቃል ትጽፉለታላችሁ፣ ማሽኑ ቃሏን ይዞ ይሮጣል። በሩም፣ ድስቱም፣ አልጋውም በአፍ በሚታዘዝበት ዘመን መልእክት ቤት ብቻ በጽሑፍ የቀረው ጋሽ አሥራደ «ማሽን ወሬ ካስለመዱት ሥራ ይተዋል» ስለሚሉ ነው።

ሰኞ ለሶልያና የሥራ ቀን ብቻ አይደለም። የወንድሟ ድምጽ የሚመጣበት ቀን ነው።

ኢዮስያስ፣ ለቤተሰቡ ጆሲ፣ ጀልባ ነጂ ነው። እሷ የወደቀችውን ፈተና እሱ አንደኛ ወጥቶ ነው ያለፈው፣ ይህንንም በየአጋጣሚው ሳያስታውሳት አይቀርም። ግን ልጁ ሲያወራ ደስ ይላል። በዛ ላይ የእቴነሽ ልጅ ነው። እቴነሽ ደግሞ የማትሽረው አንድ ሕግ አላት፤ «ሰላምታ ሳይጨርስ ጉዳይ የሚያነሳ ሰው፣ በር ሳያንኳኳ ከሚገባ ሌባ በምን ይለያል?» ትላለች። ስለዚህ የኢዮስያስ መልእክት ሁሌ የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ እማዬ እንደምን ሰነበትሽ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ድንቹ እንዴት ይዟል (እናቱ የድንች እርሻው ኃላፊ ናት)፣ ጋሽ አሥራደ እንዴት ናቸው፣ ጎረቤቶቹ እነ እትዬ ወይንሸት እንዴት ናቸው፣ የልጃቸው ጥርስ በቀለ ወይ... ከዛ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ»። ከዛ ነው ወሬ የሚጀመረው። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ሁሌ፣ ሁሌ፣ «ድንቿን ሰላም በሉልኝ፣ ጥሬውን እንዳትበላው!» ይላል። ሶልያና የአምስት ዓመት ልጅ ሆና እርሻው ውስጥ ተደብቃ ጥሬ ድንች ስትግጥ ተይዛ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ስሟ ድንች ነው።

እንግዲህ ወደዛ ሰኞ እንመለስ።

ሣጥኑ አናት ላይ ደረሰ። ሶልያና «አምጣ» አለች። ሼሉ በሚያምር ሰማያዊ ፊደል «እሺ፣ መጥቷል» አላት። የኢዮስያስን ድምጽ ከፈተችና ወንበሯ ላይ ተንጋለለች።

«እማዬ እንደምን ሰነበትሽ? ድንቿ እንደምን ነሽ? ሰፈርተኛው ሁሉ ሰላም ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው የነገርኳችሁን ነገር፣ ምነው ዝም አላ—»

ቋ። አለቀ።

ሶልያና ቀና ብላ ተቀመጠች። መልሳ ከፈተችው። «...ምነው ዝም አላ—»። ቋ።

ባለፈው ምን ነገረን? የባለፈውን ሰኞ ፈልጋ ሰማችው። ሰላምታ፣ ሰላምታ፣ ሰላምታ፣ የእትዬ ወይንሸት ልጅ ጥርስ፣ «ደህና ነኝ»። ሌላ የለም። የዛኛውን ሰኞ ከፈተች። እሱም ሰላምታ፣ «ደህና ነኝ»፣ ዝም።

ሌላ ነገር ደግሞ ከነከናት። ኢዮስያስ የዛሬውን ሰላምታ አሳጥሮታል። ጉልበትሽ እንዴት ነው አላለም። ጥርስ የለም። እናቱ አጠገብ ሆና የምትሰማው ይመስል ሰላምታ የሚደረድር ልጅ፣ ዛሬ ቸኩሏል።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች። «ጋሼ፣ ይምጡማ!»

ጋሽ አሥራደ ከጓዳው ዳቦ እያላመጡ ወጡ። «ምነው፣ ጁፒተር ነቃ?»

«ቀልዱን ይተውትና ይሄን ይስሙ።»

ሰሙ። ማላመጥ አቆሙ።

እውነቱን ለመናገር ሶልያና ይህን ነገር ከሁለት ሳምንት በፊት አንስታው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ምሰሶ የሚባል ትልቅ ኩባንያ አለ፣ ምድር ላይ። ሼል እየሠራ በውድ የሚሸጥ ነበር። በቅርቡ ግን ሼሉን ክፍት አደረገው፤ ክፍት አደረገው ማለት የተጻፈበትን ኮድ አንጀቱን ሳይቀር ዘርግቶ «እንካችሁ፣ ለሁሉም፣ በነጻ» አለ። የታች ሰፈር አሮጌ ሼል ደግሞ በየቀኑ እየወደቀ ሰውን አማርሯል። የሰፈሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ አጨበጨበ፣ ድግስ ሁሉ ነበር፣ አዲሱ ሼል በሁሉም ማሽን ላይ ተጫነ። ያምራላ! ቀለሙ፣ ትሕትናው፣ «እሺ» ማለቱ።

በመጀመሪያው ሰኞ ሶልያና ጋሽ አሥራደ ዘንድ ሄዳ «ጋሼ፣ አዲሱ ሼል መልእክት የሚቆርጥ መሰለኝ» አለቻቸው።

«ምን ጎድሎ አየሽ?»

«ድንች።»

«ድንች?»

«ወንድሜ መጨረሻ ላይ ድንች ይለኛል፣ ዛሬ አላለኝም።»

ጋሽ አሥራደ ቅንድባቸውን ሰቀሉ። «እና ለምሰሶ ‹ድንች ጎደለን› ብለን እንጻፍላቸው? ኧረ አንቺ ልጅ ይሉኝታ ይኑርሽ! ሰዎቹ ይህን የሚያህል ስጦታ ሰጥተውን ገና ሳምንት ሳይሞላ ወቀሳ? ወንድምሽም እኮ ትልቅ ሰው ነው፣ ስድብ ሰልችቶት ይሆናል።»

ሶልያናም አፈረች። ተወችው። በኋላ ሲጣራ ለካ ብዙ ሰው «አጠረብኝ» ብሎ አስቧል። የአንዷ ባል ስለ ልጁ ሳይጠይቅ ቀርቷል፣ የአንዱ ልጅ ዘፈን ሳይዘፍንለት ቀርቷል። ሁሉም ግን በነጻ በተሰጠ ነገር ላይ ቀድሞ አፉን የሚከፍት ሰው መሆን አልፈለገም። ሌላ ሰው ይናገር ይሆናል ብሎ እያንዳንዱ ዝም አለ። ደግሞስ «ደህና ነኝ» የሚል ድምጽ ደርሶት ምን ብሎ ያማርራል?

አሁን ጋሽ አሥራደ ሶልያናን ከወንበሯ አስነስተው ራሳቸው ተቀመጡ። ሼሉን «አምጣ ማለት ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ጠየቁት።

ሼሉ በሰማያዊ ፊደል መለሰ፦ «እሺ። አምጣ፣ ‹ከርቀት-ቋት-ይዘት-አስመጣ› ለሚባለው ትእዛዝ የተሰጠ ቅጽል ስም ነው።»

«ይሄ ደግሞ ማን የሚባል ነው?» አሉ ጋሽ አሥራደ። ድምጻቸው ቀጠነ። «የኔ አምጣስ?»

የሳቸው አምጣ ያለበት አለ። ሳቸውና ሁለት ጓደኞቻቸው በወጣትነታቸው የጻፉት፣ ጓደኞቻቸው አሁን በሕይወት የሉም። ባለጌ ፕሮግራም ነበር። «እሺ» አይልም፣ ቀለም የለውም። ግን ችክ ያለ ነው። ከሣጥኑ ጋር እየተከራከረ፣ የጎደለውን እየለመነ፣ ፍርፋሪ ሳይቀር ይለቅማል። ሁሉን ካገኘ «ሙሉ ነው» ይላል። ትንሽ ከቀረ «ጎድሏል» ብሎ በቀይ ይጽፋል። ሁሉም እጁ ሳይገባ ደግሞ ለሣጥኑ «ደረሰኝ» አይለውም። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሣጥኑ ጠባብ ስለሆነ «ደረሰኝ» የሚል ቃል እንደሰማ የያዘውን ሁሉ አጥፍቶ ለሚቀጥለው ጉዞ ባዶውን ይዘጋጃል።

«እዚሁ ነው ያለው» አለች ሶልያና ፋይሉን ፈልጋ። «ማንም አልነካውም። የሚጠራው ነው የጠፋ።»

ሼል እንዲህ ነው። አንድ ቃል ሲሰማ መጀመሪያ የራሱን ኪስ ይዳብሳል። ኪሱ ውስጥ በዛ ስም የሚጠራ ነገር ካገኘ ደጅ ድረስ ወጥቶ «በዚህ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው አለ?» ብሎ አይጠይቅም። የምሰሶ ሰዎች ደግሞ ለበጎ ብለው ነው። አምጣ በየቦታው የታወቀ ቃል ነው፣ ሰው እጁ ለምዶታል፤ አዲስ የሚመጣ ተጠቃሚ ባይተዋር እንዳይሆን ብለው ያችን ስም ለራሳቸው ትእዛዝ ቅጽል አድርገው ኪሱ ውስጥ ከተቷት። የነሱም ያመጣል። ግን የመጀመሪያውን ቁራጭ ብቻ። ሌላውን የፈለገ ሌላ ቃል መጨመር አለበት። ምድር ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ ላኪው ዋናውን አስቀምጦታል፣ መልሶ መጠየቅ ነው። ደግሞ የኩባንያው ሰዎች ጉዳያቸውን መጀመሪያ ነው የሚናገሩት አሉ። ከዛ ጊዜ ካለ ሰላምታ።

«ቁራጩን ወስዶ ‹ደረሰኝ› ይለዋል?» አለች ሶልያና።

ጋሽ አሥራደ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«እና ሣጥኑ...»

«ያጠፋዋል።»

ጁፒተር ብቻ ኽርርር ይላል።

ከዛ ለሶልያና ሌላ ነገር ታያት። መልሱ! ሰኞ ሰኞ እናቷ መልስ ትልካለች። እሷ ራሷ ናት የምትቀዳላት። ባለፈው ሰኞ ምን ነበር ያለችው እቴነሽ? ሶልያና ቃል በቃል ታስታውሰዋለች፤ «እሰይ የኔ ልጅ! ደህና በመሆንህ ተመስገን። አንተ ብቻ ደህና ሁንልን እንጂ እኛማ ምን እንሆናለን!»

ሰው ነገር ነግሮ፣ እንዲህ የሚል መልስ።

ጋሽ አሥራደ ተነስተው፣ ሰማይ የሚታይበት የሰፈሩ ትልቅ የሩቅ መነጽር ወዳለበት ክፍል ደወሉ። የኢዮስያስን ጀልባ ፈልጉልኝ አሉ። ጀልባ በሙቀቷ ነው የምትታየው፣ እንደ ፍም። ብዙ ጠበቁ። ስልኩን ይዘው «እሺ... እሺ... እ?» ሲሉ ሶልያና ፊታቸውን እያየች ነበር፣ ፊታቸው ግን ምንም አይልም። ትልቅ ሰው እኮ ፊቱን ሲዘጋ ያስፈራል።

«መንገዷ ላይ የለችም» አሉ ስልኩን ሲያስቀምጡ። «ወደ ውጭ እየራቀች ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ አይቀርም። ሙቀቷም ግማሽ ሆኗል።»

«ጎታች ትላካ!» ጎታች የተበላሸች ጀልባ ጎትታ የምታመጣ መርከብ ናት።

«ዛሬውኑ ትሄዳለች።»

«ትደርስበታለች?»

ጋሽ አሥራደ ዳቧቸውን ከጠረጴዛው አነሱ፣ አዩት፣ መልሰው አስቀመጡት። «የመጀመሪያው ሰኞ ሄዳ ቢሆን ትደርስበት ነበር።»

እንግዲህ ከዛ በኋላ የሆነው ሁሉ ሩጫ ነው፤ ግን ሕልም ላይ እንደሚሮጥ ሩጫ፣ እግር ይንቀሳቀሳል ቦታው ያው ነው። አምጣን ከሼሉ ኪስ ለማውጣት የፈጀው አንድ መስመር መሰረዝ ነበር። አንድ መስመር! ሶልያና ራሷ ሰረዘችው፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ለሌሎቹ ጀልባ ነጂዎች ሁሉ «ያለፉትን ድገሙልን» የሚል መልእክት ሣጥኑ ሳያልፍ ተላከላቸው። ለኢዮስያስ ሶልያና ራሷ ቀዳችለት። ጊዜ ስላልነበረ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሰላምታ።

«ጆሲ፣ አልደረሰንም! የነገርከን አንዱም አልደረሰንም፤ ደህና ነኝ እስከምትለው ብቻ ነው የሰማነው። ሞተርህ ነው? ንገረን። ጎታች እየመጣችልህ ነው። ስማኝ፣ አልደረሰንም እንጂ ሰምተን ዝም አላልንም!»

ሣጥኑ ይዞት ሄደ።

ኮሚቴውም ተሰበሰበ። ያ ያጨበጨበው ኮሚቴ። መጀመሪያ የወሰኑት ምን መሰላችሁ? «ለእናቲቱ አሁን አይነገር»። እርግጡ ሳይታወቅ፣ በዛ ላይ ጉልበቷ፣ በዛ ላይ ደሟ ከፍ ይላል። ክፉ ወሬ ሰዓት አለው፣ ወግ አለው፣ እንዲሁ አይወረወርም አሉ። ሶልያና «ታዲያ ምን ልበላት?» ብትል እትዬ ወይንሸት አቀፈቻትና «ደህና ነው በያት፣ ሌላ ምን ትያለሽ የኔ እናት» አለቻት።

ለምሰሶም ተጻፈ፤ አሁን ይሉኝታው ለቋቸው ሄደ። ምድር ሩቅ ስለሆነች መልስ ለመምጣት ግማሽ ቀን ፈጀ። መላሿ ሴት ነበረች፣ ቤዛዊት እባላለሁ አለች፣ የሼሉን ኮድ ከሚንከባከቡት አንዷ። ሶልያና ተዘጋጅታ ነበር፤ አንዲት ኮስታራ፣ የደረቀች የቢሮ ሴትዮ ትመጣለች፣ እኔም እሰድባታለሁ ብላ። ስክሪኑ ላይ የመጣችው ግን ዓይኗ ያበጠ ወጣት ናት፣ ከሶልያና በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው።

«ስለ ወንድምሽ ሰማሁ» አለች ቤዛዊት። «ምን እንደምልሽ አላውቅም። ስለ አምጣ የጠየቃችሁት... ይህን ነገር ያነሳችሁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ክፍት ካደረግነው ቀን ጀምሮ ከየቦታው ‹ስማችንን መልሱልን› ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ስሙ የነሱ ነበር። ግን በኛ አምጣ ላይ ሥራቸውን የሠሩ ደግሞ አሉ፣ በሚሊዮን። ባቡሮች አሉ፣ ሆስፒታሎች አሉ። ዛሬ ተነስቼ ከኪሱ ባወጣው ነገ የነሱ ይቆማል። ሌላ ሰው ደግሞ እንዳንቺ ይጽፍልኛል። እየተወያየንበት ነው። እናንተ ጋር ያለውን ግን ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፣ ክፍት ነው።»

አለቀ። ሶልያና የምትሰድበው ሰው አጣች። ከስድብ በላይ የሚያስፈልጋት ነገር አልነበረም፣ እሱንም አጣች።

ሳምንቱ እንዴት አለፈ አትበሉኝ። ቤት ስትገባ እናቷ ድንች እየላጠች «ጆሲ ምን አለ?» ትላለች። «ደህና ነው።» «ሌላስ?» «ሰላም በሉ ብሏል።» «እሰይ።» ከዛ ሶልያና ክፍሏ ገብታ ትራስ አፏ ላይ ትጭናለች። ከመነጽር ቤት በየቀኑ እየደወሉ የሚነግሩት ደግሞ ያው ነው፤ ትንሽ ራቀች፣ ትንሽ ቀዘቀዘች። ጎታቿ እየከነፈች ነው፣ ግን ሰማዩ ሰፊ ነው።

ሰኞ ደረሰ።

መልእክት ቤቱ ሞልቷል፤ የጀልባ ነጂ ዘመድ የሆነ በሙሉ መጥቷል፣ ከእቴነሽ በቀር። ሶልያና «አምጣ» ብላ ጻፈች። ዛሬ የሮጠው የጋሽ አሥራደ አምጣ ነው። ቀለም የለም፣ እሺ የለም። አንዲት ነጥብ ብቻ ብልጭ ጥፍት ትላለች። የሌሎቹ ጀልባዎች ወሬ ተራ በተራ ገባ፣ ሙሉ ነው፣ ሙሉ ነው፣ ሙሉ ነው፤ አንዱ ቀርቶበት የነበረው ካልሲ ላኩልኝ የሚል ነበር፣ የአንዱ የልጁ ልደት ዘፈን። ሰዉ እየሳቀም እያለቀሰም ነው። ከዛ ሳቁ ቆመ። የኢዮስያስ ተራ ነው።

«ኢዮስያስ። አንድ መልእክት። ሙሉ ነው።»

ሶልያና ስክሪኑ ላይ ቀጥሎ የመጣውን አየች። «ለኢዮስያስ የተላከ፦ አልተወሰደም።»

«አልተወሰደም ማለት?» አለች ዞር ብላ።

«መቀበያውን ዘግቶታል» አሉ ጋሽ አሥራደ በቀስታ። «ለሙቀት ይሆናል፣ መቀበያ ኃይል ይበላል። ወይም ደግሞ...» አልጨረሱትም። ሁሉም ገባው። መልስ የማይጠብቅ ሰው መቀበያ ምን ያደርግለታል? ሦስት ጊዜ ተናግሮ፣ «አንተ ብቻ ደህና ሁንልን» ተብሎ።

ድምጹን ከፈተችው።

«እማዬ እንደምን ሰነበትሽ?» አለ ኢዮስያስ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ አፉ የቀዘቀዘ ሰው አነጋገር። «ጉልበትሽ እንዴት ነው? ድንቹ እንዴት ይዟል? ጋሽ አሥራደ እንዴት ናቸው? እትዬ ወይንሸት እንዴት ነሽ፣ የልጅሽ ጥርስ በቀለ ወይ? ሶልያና እንዴት ነሽ እህቴ? ፈተናውን ድገሚው፣ ታልፊዋለሽ። ሁላችሁም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።»

ሰዉ ጠበቀ። ሶልያና ጠበቀች። ድምጽ ማጉያው ውስጥ የኢዮስያስ ትንፋሽ ትንሽ ተሰማ፣ ከዛ ጁፒተር።

«ተቆረጠ!» አለች ሶልያና። «ጋሼ፣ ይሄም ተቆርጧል!»

ጋሽ አሥራደ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ። የራሳቸው ፕሮግራም፣ ዋሽቶ የማያውቅ ባለጌ። «ሙሉ ነው ልጄ» አሉ። «አልተቆረጠም። ያለው ይህንኑ ነው።»

ሶልያና መልሳ ሰማችው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሞተር የለም። ብርድ የለም። ለምን ዝም አላችሁ የለም። ምንም ማድረግ አይችሉም፣ ለምን አስጨንቃቸዋለሁ ብሎ ወስኗል ማለት ነው፤ ሰላምታውን ሳያጎድል፣ በወጉ፣ እናቱ እንዳስተማረችው። «ሶልያና» ነበር ያላት። በስሟ። ጥሬውን እንዳትበላው የለም።

አምጣ ከሣጥኑ የቀረ አንዲት ፍርፋሪ እንደሌለ ቆጥሮ ያውቃል። ሰው ሆድ ውስጥ የቀረውን ግን የሚያመጣ ትእዛዝ እስካሁን ማንም አልጻፈም።

ቤት ስትደርስ እቴነሽ መሬት ተቀምጣ ለዘር የሚሆነውን ድንች ትለያለች። ቀና አላለችም።

«ሰኞ አይደል ዛሬ? ምን አለ ልጄ?»

የሶልያና አፍ ውስጥ ነገሩ ሁሉ ተደርድሮ ነበር፤ ሞተሩ፣ ሣጥኑ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው አምጣ፣ ጎታቿ። ሁሉም ሙሉ ነው፣ አንድ ያልጎደለ።

«ደህና ነኝ ብሏል» አለች።

«እሰይ። ተመስገን።» እቴነሽ አንድ ድንች አነሳች፣ አገላብጣ አየችው፣ ለብቻው አስቀመጠችው። «ድንቿንስ አላለም?»

ሶልያና ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ብሏል» አለች። «ጥሬውን እንዳትበላው ብሏል።»

እቴነሽ እጇን ከድንቹ ላይ አላነሳችም፤ ግን መለየቱን ትታለች።

«እሱን ካለማ» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ ውስጥ የሆነ ነገር እየጎደለ፣ «እሱን ካለማ ደህና ነው።»